ለሞተር ሳይክል ትክክለኛውን ጎማ መምረጥ፦ በራቤልና በአካባቢው ደጋማ መንገዶች ለሚያሽከረክሩ የቀረበ መረጃ

መግቢያ

ሞተር ሳይክል በሁለት ጎማዎች ላይ ብቻ የሚሄድ ተሽከርካሪ ነው። እያንዳንዱ ጎማ በማናቸውም ቅጽበት መሬት የሚነካው የእጅ መዳፍ በሚያህል ስፋት ብቻ ነው። ፍጥነት መጨመር፣ ፍሬን መያዝና መታጠፍ ሁሉ በዚህች ጠባብ ስፋት ላይ የተመሠረቱ ናቸው። አራት ጎማ ያለው ተሽከርካሪ አንዱ ጎማው ቢንሸራተት ቀሪዎቹ ሊደግፉት ይችላሉ፤ ሞተር ሳይክል ግን የፊት ጎማው መሬት መያዝ ካቆመ አሽከርካሪው ሚዛኑን ለማስተካከል የሚያገኘው ጊዜ እጅግ አጭር ነው። ስለዚህ የጎማ ምርጫ ከዋጋ ወይም ከመልክ አስቀድሞ የሕይወት ደኅንነት ጉዳይ ነው።

ይህ ጽሑፍ በሰሜን ሸዋ ዞን በግሼ ወረዳ በራቤል ከተማ፣ እንዲሁም በመንዝና በመርሐቤቴ ደጋማ አካባቢዎች ሞተር ሳይክል ለሚያሽከረክሩ ወይም ለመግዛት ላሰቡ ዜጎች የተዘጋጀ ነው። በተለይም የስፖርት ቅርጽ ያላቸውን ሞተር ሳይክሎች የሚመለከት ሲሆን፣ ጎማ ከመግዛት በፊት ሊታወቁ የሚገባቸውን ነጥቦች በቅደም ተከተል ያስረዳል።

1. የስፖርት ሞተር ሳይክል ጎማ ከሌላው በምን ይለያል?

የስፖርት ሞተር ሳይክል በዋናነት ለአስፋልት መንገድ የተሠራ ነው። ትልልቆቹ የስፖርት ሞተር ሳይክሎች በአብዛኛው 17 ኢንች ቸርኬ፣ ሰፊ የኋላ ጎማና ጥልቀቱ አነስተኛ የሆነ ጥርስ አላቸው። ጎማው ክብ ሆኖ የተቀረጸው ሞተር ሳይክሉ ሲያዘነብል ጠርዙ ከአስፋልቱ ጋር በሚገባ እንዲገናኝ ነው። በሀገራችን ከተሞች በብዛት የሚታዩት ከ150 እስከ 200 ሲሲ ያላቸው የስፖርት ቅርጽ ያላቸው ሞተር ሳይክሎችም ከፋብሪካ የሚወጡት ለአስፋልት በተዘጋጀ ጎማ ነው።

ችግሩ የሚጀምረው ሞተር ሳይክሉ ከተሠራለት መንገድ ሲወጣ ነው። ከአዲስ አበባ በደብረ ብርሃን በኩል እስከ ጣርማበር ያለው ዋና መንገድ አስፋልት ነው። ወደ መንዝ ከተገነጠለ በኋላ ግን አሽከርካሪው ወደ ውስጥ በዘለቀ ቁጥር ጠጠር፣ ኮረኮንችና አፈር መንገድ ይበዛበታል። ለአስፋልት የተሠራው ለስላሳ ጎማ በተበተነ ጠጠር ላይ የሚቆነጥጠው ነገር አያገኝም፤ በጭቃ ላይ ደግሞ በጥርሱ መካከል ያለው ቦይ ጠባብ ስለሆነ ወዲያውኑ ይሞላና ጎማው እንደ ለስላሳ ከበሮ ይሆናል።

በዚህም ምክንያት በከተማ ውስጥ ተፈትኖ «ጥሩ ይይዛል» የተባለ ጎማ ራቤል ሲደርስ ሌላ ጠባይ ሊያሳይ ይችላል። ጥፋቱ የጎማው ሳይሆን የምርጫው ነው።

2. በምርጫው ላይ ተጽዕኖ የሚያሳድሩ የአካባቢው ሁኔታዎች

2.1 ከፍታና ቅዝቃዜ

የመንዝ ደጋማ አካባቢ ከሀገራችን ከፍተኛና ቀዝቃዛ ቦታዎች አንዱ ነው። የጓሳ የማኅበረሰብ ጥብቅ ሥፍራ ከባሕር ጠለል በላይ በ3,200 እና በ3,700 ሜትር መካከል ይገኛል። በበጋ ወራት ከጥቅምት ጀምሮ ሌሊት ውርጭ ይወርዳል፤ ንጋት ላይም ሣሩና መንገዱ ነጭ ሆኖ የሚታይበት ጊዜ አለ።

ለውድድር ሜዳ ወይም ለከፍተኛ ፍጥነት የተዘጋጁ የስፖርት ጎማዎች በሙሉ አቅማቸው መሬት የሚይዙት ከሞቁ በኋላ ነው። በቀዝቃዛ ማለዳ፣ በአነስተኛ ፍጥነትና በጠመዝማዛ መንገድ ላይ እነዚህ ጎማዎች ወደሚፈልጉት ሙቀት ጨርሰው ላይደርሱ ይችላሉ። በዋጋ ውድ የሆነው ጎማ ለአካባቢው የተሻለ ነው ማለት የማይቻለውም በዚህ ምክንያት ነው። ለደጋ አሽከርካሪ የሚጠቅመው በብርድና በእርጥበት ጊዜም የሚይዝ፣ ለመንገድና ለረጅም ጉዞ የተዘጋጀ ጎማ ነው።

2.2 ዝናብና ጭቃ

አካባቢው ከሰኔ እስከ መስከረም ከሚጥለው የክረምት ዝናብ በተጨማሪ የበልግ ዝናብም ያገኛል። ስለዚህ አሽከርካሪው «ክረምቱ አልፏል» ብሎ ያለቀ ጎማ ይዞ መቆየት አይገባውም። ጥቁር መረሬ አፈር ሲርስ ከጎማው ጋር ተጣብቆ ጥርሱን ይደፍናል፣ በጭቃ መከላከያውና በጎማው መካከል ገብቶም ጎማው እንዳይዞር ሊይዘው ይችላል። በጣርማበር አካባቢ የተለመደው ጉም ደግሞ ዝናብ ባይኖርም አስፋልቱን ያረጥባል።

2.3 ፀሐይ

ከፍታ በ1,000 ሜትር በጨመረ ቁጥር የፀሐይ አልትራቫዮሌት ጨረር በግምት 10 በመቶ ይጨምራል። ይህ ጨረር የጎማውን ላስቲክ ያደርቃል፣ ጎኑንም ይሰነጥቃል። ውጭ በፀሐይ ላይ ቆሞ የሚውል ሞተር ሳይክል ጎማው ጥርስ እያለው ሊያረጅ ይችላል።

3. በጎማው ጎን ላይ የተጻፈውን ማንበብ

በጎማ ጎን ላይ ያለው ጽሑፍ በላቲን ፊደልና ቁጥር የተቀረጸ ነው። በዚህ ጽሑፍ ፊደላቱ በአነባበባቸው ቀርበዋል።

3.1 መጠን

በትልልቅ የስፖርት ሞተር ሳይክሎች ላይ የተለመደው የፊት ጎማ መጠን 120/70-17፣ የኋላው ደግሞ 180/55-17 ነው። የመጀመሪያው ቁጥር የጎማው ስፋት በሚሊ ሜትር፣ ሁለተኛው የጎኑ ቁመት ከስፋቱ ጋር ሲነጻጸር በመቶኛ፣ የመጨረሻው የቸርኬው ዲያሜትር በኢንች ነው። ስለዚህ 120/70-17 ማለት ስፋቱ 120 ሚሊ ሜትር፣ የጎኑ ቁመት የስፋቱ 70 በመቶ ማለትም 84 ሚሊ ሜትር፣ ቸርኬውም 17 ኢንች የሆነ ጎማ ነው።

በአነስተኛ የሥራ ሞተር ሳይክሎች ላይ 2.75-17 እና 3.00-17 የሚሉ መጠኖች ይገኛሉ። በእነዚህ ላይ የመጀመሪያው ቁጥር ስፋቱን በኢንች ያመለክታል። ለገጠር መንገድ የተሠሩ ሞተር ሳይክሎች ከፊት እስከ 21 ኢንች፣ ከኋላ 18 ኢንች የሚደርስ ቸርኬ ያላቸው ጎማው ድንጋይና ጉድጓድ በቀላሉ እንዲሻገር ነው።

በስፋቱና በቸርኬው መጠን መካከል «አር» የሚል ፊደል ካለ ጎማው ራዲያል ነው፤ ሰረዝ ወይም «ቢ» ካለ ግን ሌላ ዓይነት የውስጥ አሠራር አለው። የፊቱን ራዲያል፣ የኋላውን ሌላ ዓይነት አድርጎ መቀላቀል አምራቹ በግልጽ ካልፈቀደ በቀር አይመከርም።

3.2 የመሸከም አቅም

ከመጠኑ ቀጥሎ የሚገኘው ሁለት አኃዝ ያለው ቁጥር ጎማው የሚሸከመውን ከፍተኛ ክብደት ያመለክታል። ቁጥሩ ራሱ ኪሎ ግራም አይደለም፤ ለእያንዳንዱ ቁጥር የተወሰነ ክብደት አለው።

- 42 ማለት 150 ኪሎ ግራም
- 45 ማለት 165 ኪሎ ግራም
- 50 ማለት 190 ኪሎ ግራም
- 54 ማለት 212 ኪሎ ግራም
- 58 ማለት 236 ኪሎ ግራም
- 73 ማለት 365 ኪሎ ግራም

ይህ ቁጥር በአካባቢው ከሁሉም በላይ ችላ የሚባለው ነው። ለምሳሌ ክብደቱ 145 ኪሎ ግራም የሆነ ሞተር ሳይክል 70 ኪሎ ግራም የሚመዝን አሽከርካሪና አንድ ኩንታል ገብስ ቢጭን ጠቅላላው 315 ኪሎ ግራም ይሆናል። ጭነቱ ከኋላ ስለሚቀመጥ ከጠቅላላው 70 በመቶ ያህሉ በኋላ ጎማ ላይ ቢያርፍ ወደ 220 ኪሎ ግራም ይደርሳል። «50» የሚል ምልክት ያለው የኋላ ጎማ የሚችለው ግን 190 ኪሎ ግራም ብቻ ነው። ጎማው በዚያው ዕለት ላይፈነዳ ይችላል፤ ሆኖም በየጉድጓዱ ከአቅሙ በላይ እየታጠፈ ውስጡ ይሞቃል፣ ድሩም ይላላል። ጉዳቱ የሚገለጠው ከሳምንታት በኋላ፣ ምናልባትም ጭነት በሌለበትና ቁልቁለት በሚወረድበት ሰዓት ሊሆን ይችላል።

የመሸከም አቅሙ ከፍ ያለ ጎማ መግጠም ሞተር ሳይክሉ ራሱ ከተፈቀደለት ጭነት በላይ እንዲጭን አያስችለውም። ፍሬኑ፣ ሞላውና ቸርኬውም የራሳቸው ልክ አላቸው።

3.3 የፍጥነት ደረጃ

ከመሸከም አቅሙ ቀጥሎ ያለው ፊደል ጎማው የሚቋቋመውን ከፍተኛ ፍጥነት ያመለክታል። «ጄ» 100፣ «ኤል» 120፣ «ፒ» 150፣ «ኤስ» 180፣ «ኤች» 210፣ «ቪ» 240፣ «ደብሊው» ደግሞ 270 ኪሎ ሜትር በሰዓት ናቸው። ይህ የጎማው ልክ እንጂ የመንገዱ ወሰን አይደለም። ከፍተኛ የፍጥነት ደረጃ ያለው ጎማ በጠጠር ላይ የተሻለ ይይዛል ማለትም አይደለም። ይሁን እንጂ የሞተር ሳይክሉ አምራች ካስቀመጠው ደረጃ በታች የሆነ ጎማ መግጠም አይገባም።

3.4 የተመረተበት ጊዜ

«ዲ ኦ ቲ» ከሚሉት ፊደላት ጋር በተያያዘው ጽሑፍ መጨረሻ ላይ የሚገኙት አራት አኃዞች ጎማው የተመረተበትን ሳምንትና ዓመት ያመለክታሉ። 1824 ማለት በ2024 እ.ኤ.አ. 18ኛው ሳምንት የተመረተ ማለት ነው፤ ይህም በኢትዮጵያ አቆጣጠር ሚያዝያ 2016 ዓ.ም. ነው። ዓመቱን ወደ ኢትዮጵያ አቆጣጠር ለመመለስ የሳምንቱ ቁጥር እስከ 36 ከሆነ 8፣ ከ38 ጀምሮ ከሆነ ደግሞ 7 ይቀነሳል፤ 37ኛው ሳምንት የዘመን መለወጫ ያለበት ነው።

በዚህ ስሌት አንድ ገዢ «አዲስ» የተባለ ጎማ በእርግጥ ስንት ዓመት በመጋዘን እንደቆየ በራሱ ማወቅ ይችላል። አገልግሎት ላይ ከዋለ 5 ዓመት ያለፈው ጎማ ቢያንስ በየዓመቱ በባለሙያ መታየት ይኖርበታል፤ ከተመረተ 10 ዓመት የሞላው ጎማ ግን ጥርሱ ቢኖርም መቀየር አለበት።

3.5 የመዞሪያ አቅጣጫ

በጎማው ጎን ላይ ያለው ቀስት ጎማው ወደፊት ሲሄድ የሚዞርበትን አቅጣጫ ያሳያል። ጎማው ተገልብጦ ከተገጠመ በዝናብ ጊዜ ውኃውን ወደ ውጭ የማስወጣት አቅሙ ይቀንሳል። ጎሚስታው ሥራውን ሲጨርስ ባለንብረቱ ቀስቱን በዓይኑ አይቶ ማረጋገጥ ይገባዋል።

4. ካላማዳሪ ያለውና የሌለው ጎማ

ጎማ በሁለት ይከፈላል፤ ካላማዳሪ የሚገባበትና ያለ ካላማዳሪ የሚሠራ። ያለ ካላማዳሪ የሚሠራው ጎማ በጎኑ ላይ «ቲዩብለስ» የሚል ጽሑፍ አለው።

ሽቦ ያለው ቸርኬ በአብዛኛው አየር ስለማይዝ ካላማዳሪ ያስፈልገዋል። ያለ ካላማዳሪ የሚሠራ ጎማ የሚገጠመው ለዚሁ በተዘጋጀ ድፍን ቸርኬ ላይ ነው። ልዩነቱ በጉዞ ላይ ይታያል። ካላማዳሪ በሚስማር ሲበሳ አየሩን በቅጽበት ሊያጣ ይችላል፤ ያለ ካላማዳሪ የሚሠራው ጎማ ግን ብዙውን ጊዜ ቀስ እያለ ስለሚተነፍስ አሽከርካሪው ለመቆም ጊዜ ያገኛል። በሌላ በኩል ድፍን ቸርኬ በድንጋይ ተመትቶ ጠርዙ ከታጠፈ አየር መያዝ ያቆማል፤ ካላማዳሪ ያለው ጎማ ግን በመንገድ ዳር በእጅ መሣሪያ ሊጠገን ይችላል።

ከራቤል ውጭ ባሉ ቀበሌዎች የሚንቀሳቀስ አሽከርካሪ ጎሚስታ ርቆት ሊገኝ ስለሚችል፣ እንደ ቸርኬው ዓይነት የመጠገኛ ዕቃ፣ የእጅ ፓምፕና ትርፍ ካላማዳሪ መያዝ ይኖርበታል። አዲስ ጎማ ሲገጠም ካላማዳሪውም አዲስ ሊሆን ይገባል፤ የቆየ ካላማዳሪ ተለጥጦ ስለሚቆይ በአዲሱ ጎማ ውስጥ ታጥፎ ሊበሳ ይችላል።

የመሬት መንኪያው ላይ ያለ ትንሽ ቀዳዳ ሊጠገን ይችላል። በጎን በኩል የተቀደደ ወይም ያበጠ ጎማ ግን ፈጽሞ መጠገን የለበትም።

5. ለየትኛው መንገድ የትኛው ጎማ?

ምርጫው በሁለት ጥያቄዎች ላይ ሊመሠረት ይገባል። የመጀመሪያው፦ ሞተር ሳይክሉ አብዛኛውን ጊዜ የሚሄደው በየትኛው መንገድ ነው? ሁለተኛው፦ ሊቀር የማይችለው ከባዱ መንገድ የትኛው ነው? ከሳምንቱ አምስት ቀን በከተማ የሚውል ነገር ግን ቅዳሜ ገበያ ለመድረስ ጭቃማ ቁልቁለት የሚወርድ አሽከርካሪ ሁለተኛውን ጥያቄ መርሳት አይችልም።

ሀ. ለውድድርና ለከፍተኛ ፍጥነት የተሠራ የስፖርት ጎማ። በደረቅና ሞቃት አስፋልት ላይ እጅግ ይይዛል፣ ቶሎ ያልቃል፣ በብርድና በጠጠር ላይ ደካማ ነው። ለራቤልና ለአካባቢው ተስማሚ አይደለም።

ለ. ለስፖርትና ለረጅም ጉዞ የተሠራ የአስፋልት ጎማ። ከእነዚህ ብዙዎቹ መሐላቸው ጠንከር፣ ጠርዛቸው ለስለስ ያለ ላስቲክ ስላላቸው ዕድሜያቸው ይረዝማል። በእርጥብና በቀዝቃዛ አስፋልት ላይ የተሻሉ ናቸው። ከደብረ ብርሃን ወደ አዲስ አበባና በዋና መንገድ ላይ ብቻ ለሚንቀሳቀስ አሽከርካሪ ተመራጭ ነው።

ሐ. ለአስፋልትና ለጠጠር በጋራ የተሠራ ጎማ። ጥርሱ ከአስፋልት ጎማው ጠለቅና ሰፋ ያለ፣ ከጭቃ ጎማው ግን ጠበቅ ያለ ነው። በአስፋልት ላይ ጥቂት ድምፅ ያሰማል፣ በማዘንበል ጊዜም የስፖርት ጎማን ያህል አይይዝም፤ ነገር ግን በጠጠርና በኮረኮንች ላይ እምነት የሚጣልበት ነው። አስፋልትና ጠጠር እየቀላቀለ ለሚጓዝ የራቤል አሽከርካሪ በአብዛኛው ሚዛናዊው ምርጫ ይህ ነው።

መ. ትልልቅና የተራራቁ ጥርሶች ያሉት የጭቃ ጎማ። በክረምት ጭቃና በእርሻ መሬት ላይ የተሻለ ነው። በእርጥብ አስፋልት ላይ ግን መሬት የሚነካው ላስቲክ አነስተኛ ስለሆነ ፍሬን ሲያዝ ይንሸራተታል፣ ጥርሱም በአስፋልት ላይ ፈጥኖ ያልቃል።

የስፖርት ቅርጽ ባለው ሞተር ሳይክል ላይ የ«ሐ» ዓይነት ጎማ ለመግጠም የፈለገ ባለንብረት አስቀድሞ ሦስት ነገሮችን ማረጋገጥ አለበት፦ በቸርኬው መጠን የተሠራ ጎማ መኖሩን፤ ጎማው ሲዞር ከጭቃ መከላከያው፣ ከሰንሰለቱና ከኋላ ሹካው ጋር የማይነካካ መሆኑን፤ እንዲሁም የመሸከም አቅሙና የፍጥነት ደረጃው ከአምራቹ መመሪያ በታች አለመሆኑን። ሰፊ ጎማ ሁልጊዜ የተሻለ ነው የሚለው አስተሳሰብ ስሕተት ነው፤ በጠባብ ቸርኬ ላይ የተገጠመ ሰፊ ጎማ ቅርጹ ስለሚዛባ በመታጠፊያ ላይ ያልተጠበቀ ጠባይ ያሳያል።

አቅም ሁለቱንም ጎማዎች በአንድ ጊዜ ለመቀየር የማይፈቅድ ከሆነ፣ የቀረው ጎማ ከአዲሱ ጋር ዓይነቱ የሚስማማ መሆን አለበት። የኋላውን ጥርሰ ትልቅ አድርጎ የፊቱን ለስላሳና ያለቀ መተው እጅግ አደገኛ ነው፤ መሪውን የሚያዝዘውና አብዛኛውን የፍሬን ኃይል የሚሸከመው የፊት ጎማ ነውና። የመኪና ጎማ በሞተር ሳይክል ላይ መግጠምም ሆነ ያለቀ ጥርስ እንደገና ማስቀረጽ ተገቢ አይደለም።

6. የአየር መጠን፦ ከቆላ ወደ ደጋ

ትክክለኛው የአየር መጠን በሞተር ሳይክሉ መመሪያ መጽሐፍ ወይም በሰንሰለቱ ሽፋን አካባቢ በተለጠፈው ጽሑፍ ላይ ይገኛል። በጎማው ጎን ላይ የተጻፈው ቁጥር ከፍተኛው መጠን እንጂ ለዕለታዊ ጉዞ የሚመከረው አይደለም።

አየሩ የሚለካው ጎማው ሳይሞቅ፣ በተለይም ጠዋት ከጉዞ በፊት ነው። የሙቀት መጠኑ በ10 ዲግሪ ሲቀንስ የጎማው አየር በግምት ከ1 እስከ 2 ፒ.ኤስ.አይ. ይወርዳል። ስለሆነም ቀትር ላይ የተሞላ ጎማ በውርጭ ማለዳ ከሚገባው በታች ሆኖ ይገኛል።

ከሸዋ ሮቢት ወደ ጣርማበር የሚወጣ አሽከርካሪ ከ1,300 ሜትር አካባቢ ተነሥቶ ከ3,000 ሜትር በላይ ይደርሳል። የውጭው አየር ግፊት ስለሚቀንስ መለኪያው ከ2 ፒ.ኤስ.አይ. በላይ ጭማሪ ሊያሳይ ይገባው ነበር፤ ነገር ግን ቅዝቃዜው ያንኑ ያህል ስለሚያወርደው ሁለቱ በአብዛኛው ይጣጣማሉ። በመሆኑም በመንገድ ላይ አየር ማስተንፈስ አያስፈልግም። ሞተር ሳይክሉ በደጋ ላይ ካደረ በኋላ ጠዋት እንደገና መለካቱ ይበቃል።

በጠጠር ላይ ይይዛል በሚል አየሩን ከመጠን በላይ መቀነስ ቸርኬው በድንጋይ እንዲታጠፍ፣ ካላማዳሪውም በቸርኬውና በድንጋዩ መካከል ተቆንጥጦ እንዲበሳ ያደርጋል። ሰው ወይም ጭነት ከኋላ ሲጨመር ደግሞ የኋላው ጎማ አየር በመመሪያው መሠረት ከፍ ማለት አለበት።

7. ጎማው መቼ ይቀየራል?

በጥርሶቹ መካከል በሚገኘው ቦይ ውስጥ ትናንሽ ጉብታዎች አሉ፤ ቦታቸው በጎኑ ላይ «ቲ ደብሊው አይ» በሚሉ ፊደላት ወይም በትንሽ ሦስት ማዕዘን ይመለከታል። የሞተር ሳይክል ጎማ ላይ የእነዚህ ጉብታዎች ከፍታ በአብዛኛው 0.8 ሚሊ ሜትር ነው። ጥርሱ ከጉብታው ጋር እኩል ከሆነ የጎማው አገልግሎት አብቅቷል። በዝናባማና ጭቃማ አካባቢ ግን እስከዚያ መጠበቅ አይገባም፤ ጥርሱ ወደ 2 ሚሊ ሜትር ሲወርድ፣ በተለይም ክረምት ከመግባቱ በፊት፣ መቀየሩ ይመረጣል።

ከሚከተሉት አንዱ ከታየም ጎማው መቀየር አለበት፦
- በጎኑ ላይ እብጠት ወይም የውስጡን ድር የሚያሳይ ቀዳዳ ሲኖር፤
- በጎኑ ወይም በጥርሶቹ ሥር ጥልቅ ስንጥቅ ሲታይ፤
- መሐሉ ጠፍጣፋ ሆኖ ሞተር ሳይክሉ ሲያዘነብል «እንደሚወድቅ» ሲሰማ፤
- አየሩ ያለ ታወቀ ምክንያት በተደጋጋሚ ሲጎድል።

8. በግዥ ጊዜ ሊደረግ የሚገባ ጥንቃቄ

የሞተር ሳይክል ጎማ በአብዛኛው ከውጭ ሀገር የሚገባ ዕቃ ነው። ከአምራቹ እስከ ራቤል ሱቅ ድረስ ብዙ መጋዘን ያልፋል። ስለዚህ ገዢው የሚከተሉትን ማድረግ ይኖርበታል፦

- የነባሩን ጎማ ሙሉ ጽሑፍ፣ የፊቱንና የኋላውን ለየብቻ፣ በወረቀት መዝግቦ መሄድ፤
- የተመረተበትን ሳምንትና ዓመት ራሱ ማንበብ፤
- ቀለም የተቀባ ወይም በዘይት ያበራ ጎማ ሲያጋጥም የጎኑን ስንጥቅ በጣት ዳብሶ መመርመር፤
- በቸርኬው ላይ የሚቀመጠው ጠርዝ ያልተቀደደና ያልታጠፈ መሆኑን ማየት፤
- ያገለገለ ጎማ በተቻለ መጠን አለመግዛት፤ ከዚህ ቀደም በአደጋ ወይም በከባድ ጭነት የደረሰበት የውስጥ ጉዳት ከውጭ አይታይምና፤
- ደረሰኝ መቀበልና መያዝ።

በንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 መሠረት ሸማች ስለሚገዛው ዕቃ በቂና ትክክለኛ መረጃ የማግኘት መብት አለው። የጎማውን ዕድሜ፣ መጠንና የመሸከም አቅም መጠየቅ የዚህ መብት አካል ነው።

9. ከተገጠመ በኋላ

አዲስ ጎማ ላዩ ለስላሳ ስለሆነ በመጀመሪያዎቹ 150 ኪሎ ሜትሮች ገደማ በሙሉ አቅሙ አይይዝም። በዚህ ጊዜ ድንገተኛ ፍሬን፣ ኃይለኛ ማዘንበልና ከባድ ጭነት መወገድ አለባቸው። ጎማውን ከጣርማበር ማዶ ገጥሞ በዚያው ዕለት ከኋላ ሰው ጭኖ ቁልቁለት መውረድ ጥበብ አይደለም።

በተሽከርካሪ መለያ፣ መመርመሪያና መመዝገቢያ አዋጅ ቁጥር 681/2002 መሠረት ተሽከርካሪዎች ዓመታዊ ምርመራ ይደረግላቸዋል። ባለንብረቱ ለቦሎ ከመቅረቡ በፊት የጎማውን ጥርስ፣ የጎኑን ሁኔታ፣ የቸርኬውን ቀጥተኛነትና የቫልቩን አየር አለማስተንፈስ አስቀድሞ ቢመለከት ጊዜና ወጪ ይቆጥባል። ከአምራቹ የተለየ መጠን ያለው ጎማ ለመግጠም ያሰበ ባለንብረትም ከመግዛቱ በፊት ጉዳዩ የሚመለከተውን የትራንስፖርት ጽሕፈት ቤት መጠየቅ ይኖርበታል።

ወደ አዲስ አበባ ለመጓዝ ያሰበ አሽከርካሪ በከተማዋ ከሰኔ 30 ቀን 2011 ዓ.ም. ጀምሮ በሞተር ሳይክል እንቅስቃሴ ላይ ገደብ መጣሉን አስታውሶ፣ ወቅታዊውን የፈቃድ ሁኔታ አስቀድሞ ማጣራት ይገባዋል።

ማጠቃለያ

በራቤልና በአካባቢው ሞተር ሳይክል የቅንጦት ዕቃ አይደለም። የግብርና ባለሙያውን ወደ ቀበሌ፣ ነጋዴውን ወደ ገበያ፣ ታማሚውንም ወደ ሕክምና የሚያደርስ ነው። ከኋላ የተቀመጠው ሰው ግን ጎማውን አልመረጠም፣ ዕድሜውንም አላነበበም፤ ሕይወቱን ያስረከበው ለአሽከርካሪው ጥንቃቄ ነው።

ስለዚህ ጎማ ከመግዛት በፊት የሚከተሉት አምስት ጥያቄዎች መልስ ማግኘት አለባቸው፦

1. መጠኑ ከቸርኬውና ከአምራቹ መመሪያ ጋር ይስማማል?
2. የመሸከም አቅሙ ከሞተር ሳይክሉ፣ ከአሽከርካሪው፣ ከተሳፋሪውና ከጭነቱ ድምር ጋር ይመጣጠናል?
3. ጥርሱ ሊቀር ለማይችለው ከባድ መንገድ ይሆናል?
4. የተመረተበት ጊዜ ቅርብ ነው?
5. የፊቱና የኋላው ጎማ ይስማማሉ?

ለአምስቱም «አዎ» የሚል መልስ ከተገኘ ጎማው ተገቢ ነው። ለአንዱ እንኳ መልስ ከታጣ ገንዘብ ከመክፈል በፊት ባለሙያ ማማከር ይገባል።